የተዘጋው የሐሞት ቱቦ በየት በኩል ይከፈት?

ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሽንት ይጠቁራል። ሰውነት ያሳክካል። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል፤ ሲቲ ስካን ሲነሳ ደግሞ ቆሽት ላይ ዕጢ አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤተሰብ የሚሰማው ቃል ሁሉ አዲስ ነው። ኢአርሲፒ፣ ስቴንት፣ ፕላስቲክ፣ ብረት፣ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ። አንዱ ሐኪም «ቱቦ እናስገባለት» ይላል። ሌላው «ቱቦው ይቅር፣ በቀጥታ ኦፕሬሽን ይሁን» ይላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይደውልና «እዚህ አዲስ ዘዴ አለ፤ ለምን በአሮጌው ይሠሩለታል?» ብሎ ይጨምርበታል።

ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የተለያየ መልስ የሚሰጡት የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው። በሐኪሞቹም መካከል ክርክሩ አልሞተም። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2023 ነባሩን ዘዴ (ኢአርሲፒን) እና አዲሱን (በኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ የሚሠራውን) ፊት ለፊት ያነጻጸሩ ሁለት ጥናቶች ከታተሙ ወዲህ «ታዲያ አሮጌው ለምን ይቀጥላል?» የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ይሰማል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። «የትኛው ዘዴ ይበልጣል?» የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ቱቦው የተዘጋው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሐሞቱ ከፈሰሰ በኋላ ምን ሊደረግ ታስቧል?» የሚለው ነው። ሁለቱ ሳይመለሱ የሚመረጥ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን የሐሞት ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ጣጣ ያመጣል።

ሐሞት መውጫ ሲያጣ

ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመርታል። ሐሞቱ ጉበት ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰበሰባል። እንደ ገባር ወንዞች እየተቀላቀለ በቀኝና በግራ ሁለት ትልልቅ ቱቦዎች ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ከጉበት መውጫ ላይ ተገናኝተው አንድ ዋና ቱቦ ይሆናሉ። ዋናው ቱቦ በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ ዱኦዲነም የሚባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። እዚያ ያለችው ትንሽ መውጫ ፓፒላ ትባላለች።

በዚህ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ዕጢ ሲበቅል ሐሞት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ቀለም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚሆነው፣ ሽንት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰገራ ግን ቀለሙን ያጣና አመድማ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል። ማሳከኩ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሊት ይብሳል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቆዳ እስኪቆስል ያሳክካል። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቅባትና በቅባት የሚሟሟ ቫይታሚን በደንብ አይዋጥም። ከነዚህ አንዱ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ ነው። ስለዚህ ታካሚው በቀላሉ ይደማል። በታገደው ሐሞት ውስጥ ባክቴሪያ ከገባ ደግሞ ኮላንጃይተስ ይመጣል። ይህ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ነው፤ ወደ ደም ከተሰራጨ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ይልና ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳል። በጉበት ቫይረስ የመጣ ቢጫነት ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚለቅ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። በካንሰር የመጣው ግን አይለቅም። በቆሽት ራስ ካንሰር ቢጫነቱ ሕመም ሳይኖረው፣ ቀስ እያለ ሊመጣ ይችላል። «አያመኝም እኮ» የሚለው ስለዚህ ማረጋገጫ አይሆንም። ቱቦው መስፋት አለመስፋቱን ደግሞ ተራ የሆድ አልትራሳውንድ ሊያሳይ ይችላል። ሳምንታት የሚባክኑት ይህችን ምርመራ በማዘግየት ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይለይ። ሐሞቱን ማፍሰስ ካንሰሩን አያክምም። ማሳከኩን ያቆማል፣ ኢንፌክሽን ይከላከላል፣ ቢሊሩቢኑን አውርዶ ኬሞቴራፒ እንዲቻል ያደርጋል። «ቱቦ ገባለት፣ ዳነ» የሚለው ወሬ ቤተሰብን በኋላ ክፉኛ ይጎዳል።

ታች ነው ወይስ ላይ?

መዘጋቱ በዋናው ቱቦ የታችኛው ክፍል ሲሆን ነገሩ በአንጻራዊነት ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው የቆሽት ራስ ካንሰር ነው። የፓፒላው የራሱ ካንሰርና የታችኛው ሐሞት ቱቦ ካንሰርም አሉ። እዚህ ከመዘጋቱ በላይ ያለው ቱቦ አንድ ነው። አንድ ቦታ ከተከፈተ ጉበቱ ሁሉ ይፈስሳል።

መዘጋቱ ላይ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲሆን ሌላ ዓለም ነው። ክላትስኪን ዕጢ የሚባለው የሐሞት ቱቦ ካንሰር እዚያ ይበቅላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 በዝርዝር ከገለጸው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። የሐሞት ከረጢት ካንሰርም እዚያ ይደርሳል። ዕጢው ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ቀኝና ግራው፣ ከዚያም ቅርንጫፎቻቸው እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። አንዱን መክፈት ሌላውን አይከፍትም።

ዜና ላይና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «አዲስ ዘዴ» እየተባለ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ታችኛው መዘጋት ነው። የላይኛው ያለበት ሰው ያንን ሰምቶ የራሱን ሐኪም ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ኢአርሲፒ እንዴት ይሠራል?

ኢአርሲፒ ኢንዶስኮፒን (ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጥን ማየትን) እና ኤክስሬይን አንድ ላይ የሚጠቀም ሥራ ነው። ታካሚው በማደንዘዣ ይተኛል። በአፍ በኩል፣ በጨጓራ አልፎ ዱኦዲነም ድረስ የሚደርስ መሣሪያ ይገባል። የዚህ መሣሪያ ካሜራ የሚያየው ፊት ለፊቱን ሳይሆን ጎኑን ነው። ፓፒላዋ ግድግዳው ላይ ስለሆነች ሐኪሙ ትይዩ ሆኖ ማየት አለበት። ከመሣሪያው ቀጭን ቱቦና ሽቦ ይወጣል። ሽቦው ወደ ሐሞት ቱቦ እንዲገባ ይሞከራል። ሥራው ሁሉ የሚከብደው እዚህች ሚሊሜትር ላይ ነው። ሽቦው ከገባ በኤክስሬይ የሚታይ ቀለም ይረጫል፤ ቱቦው የጠበበበት ቦታ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሽቦው ጠባቡን አልፎ ወደ ላይ ይሄዳል። ስቴንቱ በሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ይቀመጣል። ከሠራ ወዲያው ይታወቃል፤ ታግዶ የቆየው ጠቆር ያለ ሐሞት ወደ አንጀት ሲወርድ በካሜራው ይታያል።

ዘዴው ዕድሜ ጠገብ ነው። በኢንዶስኮፕ ፓፒላ ውስጥ ገብቶ ቀለም መርጨት በአሜሪካ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1974 ጀርመንና ጃፓን ውስጥ ፓፒላዋን ቀዶ ማስፋት ተጀመረ። በ1979 ደግሞ ሐምቡርግ ውስጥ የፕላስቲክ ስቴንት በኢንዶስኮፕ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት የነበረው ምርጫ ሆድ ከፍቶ ቱቦውን ከአንጀት ጋር መስፋት ወይም በቆዳ በኩል በመርፌ ጉበት ውስጥ ገብቶ ሐሞቱን ወደ ውጭ ማፍሰስ ነበር። ሁለቱም ዛሬም አሉ፣ ቦታም አላቸው።

የኢአርሲፒ ትልቁ ችግር የቆሽት መቆጣት ነው። የቆሽት ቱቦ የሚወጣው በዚያችው ፓፒላ ነው። ሽቦው ተሳስቶ ደጋግሞ ወደ ቆሽት ሲገባ ቆሽት ይቆጣል። ብዙው ቀላል ነው፤ ጥቂቱ ግን ሆስፒታል ለሳምንታት የሚያስተኛ፣ አንዳንዴም የሚገድል ነው። ለዚህ ርካሽ መከላከያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከፍተኛ ስጋት ባለባቸው ሰዎች ላይ በፊንጢጣ የሚሰጥ ኢንዶሜታሲን የተባለ መድኃኒት የመቆጣቱን መጠን ከ16.9 በመቶ ወደ 9.2 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ሐኪምን «ይህ ይሰጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላው የመሣሪያው ንጽሕና ነው። ጫፉ ላይ ሽቦውን ወደ ላይ የምታነሳ ትንሽ ማንሻ አለች። ስንጥቋ ለማጽዳት ትከብዳለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሎስ አንጀለስ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በዚህ መሣሪያ ከታካሚ ወደ ታካሚ ተላልፎ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚጣል ጫፍ ያላቸውና ሙሉ በሙሉ የሚጣሉ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን ለብዙው የዓለም ክፍል የሚቀመስ አይደለም።

ፕላስቲክ ወይስ ብረት

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህን ነው። የሚጠየቀው ደግሞ በዋጋ መልክ ነው፦ «የፕላስቲኩ ይህን ያህል፣ የብረቱ ይህን ያህል።»

የፕላስቲክ ስቴንት ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጠባብ ስለሆነ ባክቴሪያ ውስጡ ይለጠፋል፣ ሐሞቱ ይዘቅጣል። በሦስት ወር አካባቢ ሲወጣ ውስጡ በቡናማ ዝቃጭ ተሞልቶ ቢገኝ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው በየሦስት ወሩ ይቀየር የሚባለው። የብረት ስቴንት ተጠቅልሎ ይገባና ውስጥ ራሱን ይዘረጋል፤ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ፕላስቲኩ በአማካይ 126 ቀን፣ ብረቱ 273 ቀን ክፍት እንደቆየ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች አቅጣጫውን አልቀየሩትም።

«ታዲያ ዋጋውስ?» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያው ኔዘርላንድስ 219 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው ተነጻጸሩ። የመጀመሪያው ቀን ወጪ ለብረቱ ከፍ ያለ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላላ ወጪው ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልነበረውም። ፕላስቲኩ ሲዘጋ ታካሚው ተመልሶ ይመጣል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይሠራለታል። ዕድሜያቸው አጭር እንደሚሆን በተገመተ ሰዎች ላይ እንኳ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። ያ ስሌት የተሠራው በኔዘርላንድስ ዋጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስቴንቱ ከውጭ በዶላር ስለሚገባ ሚዛኑ ሊለይ ይችላል። ያም ሆኖ ሁለተኛ ኢአርሲፒ ማለት ከክፍለ ሀገር ተመልሶ መምጣት ለሚሆንበት ሰው ርካሹ ስቴንት ብዙ ጊዜ ርካሽ አይሆንም። አቅም ከተገኘ፣ ካንሰሩም ከተረጋገጠ፣ ለታችኛው መዘጋት የብረቱ ክርክር ጠንካራ ነው።

«ካንሰሩ ከተረጋገጠ» የሚለው እንደዋዛ መታለፍ የለበትም። የብረት ስቴንት ሁለት ዓይነት ነው። ያልተሸፈነው ባዶ መረብ ነው። ዕጢው በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ያድግና ከቱቦው ጋር ያጣብቀዋል፤ አይንሸራተትም፣ ግን በኋላ ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል። የተሸፈነው መረቡ በስስ ልባስ የተጠቀለለ ነው። ዕጢ አያስገባም፣ ሲፈለግም ይወጣል፤ ነገር ግን ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። አሁን ቆሽቱ ላይ የታየው እብጠት ካንሰር ባይሆንስ? የራስ በሽታ መከላከያ ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣና በስቴሮይድ የሚድን፣ ካንሰር የሚመስል በሽታ አለ። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ያልተሸፈነ ብረት ማስገባት ዕድሜ ልክ የሚከተል ችግር መትከል ነው። የናሙና ውጤት ሳይመጣ ማፍሰስ ግድ ካለ ፕላስቲክ ወይም የተሸፈነ ብረት ይመረጣል።

አዲሱ መንገድ፦ በግድግዳ በኩል

አንዳንዴ ፓፒላው ጋ መድረስ አይቻልም። ዕጢው ዱኦዲነሙን ዘግቶታል፣ ወይም ታካሚው ከዚህ በፊት ጨጓራው ተቆርጦ መንገዱ ተቀይሯል፣ ወይም ሽቦው አልገባም። ድሮ ቀጣዩ ምርጫ በቆዳ በኩል ማፍሰስ ነበር። ታካሚው ከጎኑ ቱቦና ከረጢት አንጠልጥሎ ይኖራል። ቦታው ይደማል፣ ቱቦው ይወጣል፣ ይቆሽሻል።

ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ኢንዶስኮፕ ነው። ሐኪሙ ከጨጓራ ወይም ከዱኦዲነም ውስጥ ሆኖ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን የሐሞት ቱቦ ያያል። በመርፌ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ መንገድ የሐሞት ቱቦን ከዱኦዲነም ጋር ማገናኘት ተዘገበ። ዛሬ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ ዋናውን ቱቦ ከዱኦዲነም ጋር ማገናኘት ነው። ሌላው በግራ የጉበት ክፍል ያለውን ቱቦ ከጨጓራ ጋር ማገናኘት ነው። ለመጀመሪያው አጭር፣ ሁለት ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ሁለቱን ግድግዳዎች አጣብቆ የሚይዝ የብረት ስቴንት ተሠርቷል። ጫፉ በኤሌክትሪክ ስለሚቆርጥ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል።

ትልቁ ጥቅሙ ፓፒላውን አለመንካቱ ነው። ፓፒላው ካልተነካ ቆሽት የሚቆጣበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከደቡብ ኮሪያ የወጣ 125 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት በኢአርሲፒ ወገን 14.8 በመቶው ቆሽታቸው ሲቆጣ፣ በአዲሱ ወገን አንድም እንዳልነበረ ዘገበ።

ወደ 2023ቱ ጥናቶች እንምጣ። አንደኛው በሆንግ ኮንግ ሐኪሞች የተመራ ሲሆን 155 ሰዎችን አካተተ። ሥራው በአዲሱ ዘዴ በ96.2 በመቶ፣ በኢአርሲፒ በ76.3 በመቶ ተሳካ። ጊዜውም 10 ደቂቃ ለ25 ነበር። ሁለተኛው በካናዳና በፈረንሳይ 144 ሰዎች ላይ ተሠራ። እዚያም አዲሱ ፈጠነ፤ 14 ደቂቃ ለ23። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ ወገን ድል ይመስላል። የጥናቶቹ ዋና ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ስቴንቱ በዓመት ውስጥ ሳይበላሽ ይቆያል ወይ? እዚህ ላይ ሁለቱ እኩል ወጡ። በመጀመሪያው ጥናት በአዲሱ ዘዴ 91.1፣ በኢአርሲፒ 88.1 በመቶው ክፍት ቆየ። በሁለተኛው የተበላሸው በአዲሱ 9.6፣ በኢአርሲፒ 9.9 በመቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ከኔዘርላንድስ የወጣ አነስ ያለ ጥናት ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። አጭሩ ስቴንት በመጀመሪያ ምርጫነት ከገባላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በኋላ ችግር ገጠማቸው። የምግብ ቅሪት ይገባበታል፣ ጫፉ በግድግዳው ይደፈናል፣ ዱኦዲነሙ ከታች ሲጠብ የአንጀት ይዘት ወደ ቱቦው ይመለሳል። የጥናቱ ሰዎች ጥቂት ናቸውና መደምደሚያ ሊሆን አይችልም። ግን ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት ይህን ሥራ በየጊዜው በሚሠሩ እጆች መሆኑን ያስታውሳል። ቱቦው በቂ ስፋት ከሌለውም ይህ ስቴንት አይገባም። ተንሸራቶ ቢወድቅ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈስሳል።

ስለዚህ ሚዛኑ ዛሬ እንዲህ ነው። ኢአርሲፒ ሲከሽፍና ለታችኛው መዘጋት ባለሙያ ካለ አዲሱ ዘዴ በቆዳ በኩል ከማፍሰስ ይሻላል፤ የአውሮፓ ኢንዶስኮፒ ማኅበርም መመሪያው ላይ ይህንኑ ይላል። ከመጀመሪያው ኢአርሲፒን ይተካ ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። በዓመት መቶዎችን በኢአርሲፒ የሚሠራ፣ በአዲሱ ግን ጥቂት የሞከረ ሐኪም ጋ ሄዶ «አዲሱን ሥራልኝ» ማለት ራስን ለአደጋ መስጠት ነው።

ላይኛው መዘጋት፦ የመጀመሪያው ሙከራ ዋጋ

ይህ የጉዳዩ ከባዱ ክፍል ነው፤ ስህተትም የሚበዛበት።

በላይኛው መዘጋት ግቡ ጉበቱን ሁሉ ማፍሰስ አይደለም። ከሚሠራው የጉበት ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማፍሰስ ነው። የትኛው ወገን ትልቅ ነው? የትኛው በዕጢው ተጎድቶ ኮስምኗል? የትኛው በኋላ በቀዶ ሕክምና ይወጣል? ይህ ሁሉ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት በሲቲ ስካንና የሐሞት ቱቦዎችን በሚያሳይ ኤምአርአይ መታወቅ አለበት።

ካልታወቀ ምን ይሆናል? ሐኪሙ ገብቶ ቀለም ይረጫል። ቀለሙ ወደ ተቆራረጡት ቅርንጫፎች ሁሉ ይገባል። ከቀለሙ ጋር የአንጀት ባክቴሪያ ይገባል። ከዚያ ስቴንት የሚቀመጠው በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ነው። የቀሩት ታሽገው ይበሰብሳሉ። ቢጫነት ብቻ ይዞ የገባ ሰው ኢንፌክሽን ይዞ ይወጣል። ጥንቃቄ ያለው ሐኪም ስለዚህ ቀለም ከመርጨቱ በፊት ሽቦውን ወደ መረጠው ቅርንጫፍ ያደርሳል፤ ማፍሰስ የማይችለውን ቅርንጫፍ አይነካም።

እዚህ ኢንዶስኮፕ ይሻላል ወይስ በቆዳ በኩል? ብዙ ሐኪሞች ወደ ላይ ለገፋ ዕጢ በቆዳ በኩል መግባት የተፈለገውን ቅርንጫፍ በትክክል ለመምረጥ ይመቻል ይላሉ። አሳማኝ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት አስደነገጠ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 54 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። በቆዳ በኩል ከፈሰሰላቸው 41 በመቶው፣ በኢንዶስኮፕ ከፈሰሰላቸው 11 በመቶው ሞቱ። ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ በዘዴው ብቻ መጣ ለማለትም ያስቸግራል። ያም ሆኖ «በቆዳ በኩል ይሻላል» የሚለውን እንደ ሕግ ይዞ መሄድ አይቻልም። ቀዶ ሕክምና የማይታሰብላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ጥናቱ ምንም አይልም፤ እነሱ ላይ ሁለቱን ዘዴዎች ማጣመርም የተለመደ ነው።

ላይኛው መዘጋት ያለበት ሰው ከተቻለ ኢንዶስኮፒ፣ በቆዳ በኩል የሚሠራ ራዲዮሎጂና የጉበት ቀዶ ሕክምና አንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ቦታ ቢታይ ይሻላል። መጀመሪያ ሞክሮ ካልሆነ ሪፈር ማለት እዚህ ላይ ገለልተኛ ውሳኔ አይደለም። የከሸፈው ሙከራ ራሱ ኢንፌክሽን ትቶ ይሄዳል።

ኦፕሬሽን ከታሰበ ማፍሰስ ለምን?

ለረጅም ጊዜ አስተሳሰቡ ቀላል ነበር። ቢጫ የሆነ ሰው ኦፕሬሽን አይችልም፤ መጀመሪያ ይፍሰስለት። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ይህን ገለበጠው። የቆሽት ራስ ካንሰር ያለባቸው 202 ሰዎች ነበሩ፤ ቢሊሩቢናቸው በአገራችን ላቦራቶሪ አጻጻፍ ከ2.3 እስከ 14.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ። በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተሠራላቸው 39 በመቶው ከባድ ችግር ገጠማቸው። መጀመሪያ ከፈሰሰላቸው ግን 74 በመቶው።

ለብረት ስቴንት የሚከራከሩ ወገኖች መልስ አላቸው። ያ ጥናት የተጠቀመው ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚያው ተመራማሪዎች የተሸፈነ ብረት ሲጠቀሙ ከስቴንቱ የሚመጣው ችግር ከ46 ወደ 24 በመቶ ወረደ። ይህ ብረቱ ከፕላስቲኩ እንደሚሻል ያሳያል። ሳያፈስሱ በቀጥታ ከመሥራት እንደሚሻል ግን አያሳይም።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ቅርብ ከሆነና ኢንፌክሽን ከሌለ ቢጫነቱን ብቻ አይቶ ስቴንት ማስገባት ትክክል አይደለም። ማፍሰስ የሚያስፈልገው ኮላንጃይተስ ካለ፣ ቢሊሩቢኑ በጣም ከፍ ካለ፣ ማሳከኩ ከጠና፣ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ ሊሰጥ ከታሰበ ነው። ሌላም አለ፤ ቀዶ ሕክምናው የሚዘገይ ከሆነ። እዚህ ላይ የኔዘርላንድስ ጥናት ከኛ ሁኔታ ይለያል። እዚያ «በቀጥታ» ማለት በሳምንት ውስጥ ነበር። የቀዶ ሕክምና ተራ ወራት በሚፈጅበት ቦታ «አታፍስሱ» ብሎ ጥናቱን መጥቀስ ታካሚውን ለኢንፌክሽን መተው ይሆናል። እዚያ ላይ ወረፋውን ማሳጠር ነው ትልቁ ሕክምና።

እዚህ ምን ይቻላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢአርሲፒ የሚሠራባቸው ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም አዲስ አበባ ናቸው። በኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ማፍሰስ ገና ብርቅ ነው። በሌላው ቦታ ያለው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከመዘጋቱ በላይ ያለውን ቱቦ ከአንጀት ጋር ማገናኘት። ይህን እንደ ኋላቀር ነገር ማየት ስህተት ነው። ሆድ መክፈት ይጠይቃል፣ ማገገሙ ይረዝማል፤ ግን እንደ ፕላስቲክ ስቴንት በየሦስት ወሩ አይዘጋም። ሰውነቱ ለሚችልና ዕድሜ ለሚጠበቅለት፣ ኢአርሲፒ ለማይደርስበት ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

አቅም ያለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይሄዳል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ወዳለበት አገር። አስጊው የሚመጣው ከመመለስ በኋላ ነው። ፕላስቲክ ስቴንት ገብቶለት፣ ቢጫነቱ ጠፍቶ፣ ማሳከኩ ቆሞ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም ደስ ይለዋል። መቀየሪያው ቀን ይረሳል። ከአውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት በእጁ መያዝ ያለበት ወረቀት አለ፦ የስቴንቱ ዓይነት፣ ርዝመትና ስፋት፣ የገባበት ቀን፣ የትኛው የጉበት ወገን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቀየር ወይም እንደማይቀየር፣ የናሙናው ውጤት። ምስሎቹም በሲዲ። እዚህ የሚቀበለው ሐኪም ይህ ከሌለው በግምት ነው የሚሠራው።

ስቴንት ከገባ በኋላ ቢሊሩቢኑ በአንድ ቀን አይወርድም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ማሳከኩ ቀድሞ ይለቃል፣ ዓይን ዘግይቶ ይጠራል። ይህ የተለመደ ነው። የተለመደ ያልሆነው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ እየጠፋ የነበረው ቢጫነት መመለስ፣ ሽንት እንደገና መጥቆር ነው። ስቴንት ያለበት ሰው እንዲህ ሲሆን «ጉንፋን ይሆናል» ተብሎ አይታደርም፤ ፀረ ባክቴሪያ ከፋርማሲ ገዝቶ መጠበቅም አይሆንም። ስቴንቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሄዳል፤ ወረቀቱንም ይዞ።